ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሲሆን፦ ስለ ጆሮ ጩኸትና ድምፅ አለመቻል

ሐምሌን ጅማ የከረመ ሰው የቆርቆሮ ጣራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዝናቡ በጅሬን በኩል መጥቶ ከተማው ላይ ሲወርድ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ ካልተጯጯሁ አይደማመጡም። የቴሌቪዥኑ ዜና አንባቢ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ ቃል አይሰማም። እንዲህ ያለውን ሌሊት በእኛ ቤት ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ እናነጋዋለን። እኔ ለጥ ብዬ እተኛለሁ። ታናሽ እህቴ ብርድ ልብሱን በራሷ ላይ ጠቅልላ፣ መዳፎቿን ጆሮዎቿ ላይ ጭና፣ ዝናቡ እስኪያባራ ደቂቃ ትቆጥራለች።

የእኔ ግራ ጆሮ ይጮኻል። ስምንት ዓመቱ ነው። ቀጭን ‹ጢዝ› የሚል፣ ራዲዮ ከጣቢያው ትንሽ ሲንሸራተት የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ ነው፤ ሌሊትም ቀንም አይቋረጥም። ዝናቡ ይሸፍንልኛል። እህቴ ደግሞ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቷን ከተመታች ወዲህ ድምፅ አትችልም፤ ሌላው ሰው ልብ የማይለው የሳህን ኳኳታ እሷን እንደ ጥፊ ያማታል። እኔ የሌለ ድምፅ እሰማለሁ፣ እሷ ያለውን ድምፅ ከልኩ በላይ ትሰማለች። ተቃራኒ ይመስላል እንጂ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ። ሐኪሞች የመጀመሪያውን ቲኒተስ፣ ሁለተኛውን ሃይፐራኩሲስ ይሉታል።

ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ሐኪም ጠይቄ፣ አንብቤ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሳስቼ የተማርኩትን ነው። ትልቁ ስሕተቴ ጸጥታ ፍለጋ ነበር። ጆሮዬ ሲጮኽ ጸጥ ያለ ቦታ የሚሻለኝ መሰለኝ፤ በር ዘጋሁ፣ ራዲዮ አጠፋሁ፣ ከሰው ራቅሁ። ጩኸቱ ባሰ። እህቴም ጆሮዋን በጥጥ ደፈነች፤ እሷም ባሰባት። ሁለታችንንም የጎዳን መድኃኒት ብለን የያዝነው ጸጥታ ነበር። ምክንያቱን ለማየት እስከ ውስጠኛው ጆሮ መግባት ግድ ነው።

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። መንቀጥቀጡ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል፤ ከታምቡሩ ኋላ ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች እየተቀባበሉ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። እዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ፣ ፈሳሽ የሞላበት አካል አለ፤ ኮክሊያ ይባላል። ውስጡ አናታቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር ያበቀሉ 15,000 ያህል ሕዋሳት ተሰልፈዋል። ፈሳሹ ሲናወጥ ፀጉሮቹ እንደ ጤፍ ማሳ ይዘናፈላሉ፤ ይኸው መዘናፈል ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ተለውጦ በነርቭ ወደ አንጎል ይጓዛል። ከመግቢያው አጠገብ ያሉት ቀጭን ድምፅ፣ ወደ ጫፉ ያሉት ወፍራም ድምፅ ይቀበላሉ። 15,000 ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ በአንድ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ጆሮ ድሀ ነው። ያለችውን ካጣ ደግሞ አይተካም። ዶሮ እንኳ በድምፅ የተጎዱባትን የጆሮ ሕዋሳት መልሳ ታበቅላለች፤ የሰው ልጅ አያበቅልም።

ታዲያ ሕዋሳቱ ሲጎዱ ዝምታ እንጂ ጩኸት ለምን ይመጣል? አንጎል የመጣለትን ብቻ የሚቀበል መዝጋቢ ስላልሆነ ነው። ራቅ ያለ ጣቢያ ለመስማት የራዲዮኑን ድምፅ እስከ ጥግ የሚያዞር ሰው አስቡ። ጣቢያው ባይገባም ‹ሽሽሽ› የሚለው ይጎላል። አንጎልም ከጆሮ የሚደርሰው ምልክት ሲሳሳበት ማጉያውን ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ በነርቮቹ ውስጥ ሁልጊዜም የነበረው የራሱ እንቅስቃሴ እንደ ድምፅ ይሰማል። ለዚህ ነው የመስማት ነርቭ በቀዶ ሕክምና በተቆረጠባቸው ሰዎች ላይ እንኳ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው። መነሻው ጆሮ ሊሆን ይችላል፤ ኑሮውን የመሠረተው ግን ራስ ውስጥ ነው። የእህቴም ችግር በአብዛኛው ከዚሁ ማጉያ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሷ ጋር የጎላው ከውጭ የሚገባው ድምፅ ሆነ እንጂ።

የሌለ ድምፅ መስማት የእብደት ምልክት የመሰላቸው፣ ይህንንም ፈርተው ለዓመታት ለማንም ያልተናገሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጋኔን ነው ተብለው ከአንዱ ጸበል ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ሼህ ወደ ሌላው የተንከራተቱም አሉ። ጸሎቱና ዱዓው ልብ ያሳርፋል፤ አልቃወምም። ነገር ግን ይህ እንደ ጉንፋን የተለመደ ነገር መሆኑን ማወቅም በራሱ ያሳርፋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጤናማ ጆሮ ያላቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚሰሙትን ጠየቋቸው። ከመቶው 94ቱ ጢዝታ፣ እዝታ፣ ፉጨት እንደሰሙ ተናገሩ። ክፍሉ ውስጥ ምንም አልነበረም። እኔ በር ዘግቼ በገዛ እጄ የሠራሁት ያንኑ ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ ከብዙ አገሮች የተገኙ ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ ደግሞ ከአዋቂዎች 14 በመቶ ያህሉ የጆሮ ጩኸት እንደሚያውቁ፣ ክፉኛ የሚያስቸግራቸው ግን ከመቶ ሁለት ያህል እንደሆኑ ገምቷል።

በ14ቱና በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምን መጣ? ጩኸቱ ስለበረታ ነው ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። የጩኸቱ መጠን በመሣሪያ ሲለካ፣ ማለትም ለሰውየው ሌላ ድምፅ እያሰሙ ‹ይህን ያህላል?› እያሉ ሲያመሳስሉት፣ አብዛኛው ሰው ላይ መስማት ከሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ ከ10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በላይ አይርቅም። የቅጠል ኮሽታ ማለት ነው። በዚህች ኮሽታ አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ሥራ ያቆማል፣ ሌላው ካልጠየቁት አያስታውሳትም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ፓወል ጃስትሬቦፍ የተባለ ተመራማሪ ያቀረበው ማብራሪያ እዚህ ላይ ይረዳል። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ወፍጮውን አይሰማም፤ የሚሰማው መብራት ጠፍቶ ቀጥ ሲል ነው። ነጎድጓድ የማይቀሰቅሳት እናት ልጇ በሹክሹክታ ቢያለቅስ ተፈናጥራ ትነሣለች። አንጎል ድምፅን የሚመዝነው በጉልበቱ ሳይሆን በትርጉሙ ነው። ትርጉም የሌለውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ አደጋ ያለውን ወደ ፊት ያመጣል። ጆሮዬ የጮኸ ዕለት ‹ልደነቁር ነው፣ አንጎሌ ውስጥ ዕጢ አለ› ብዬ ስፈራ፣ ለዚያች ኮሽታ የአደጋ ማኅተም መታሁባት። ከዚያ ወዲህ አንጎሌ እንደ ዘበኛ ይጠብቃት ጀመር፤ ሲጠብቃት ይሰማታል፣ ሲሰማት ይፈራል፣ ሲፈራ ይበልጥ ይጠብቃታል። ይህን ዙር መስበር ይቻላል። ጩኸቱ ሳይጠፋ ጭንቀቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለው ሰው ዘንድ ወፍጮው አልጠፋም።

እህቴና ጥጧ

ስለ ጥጡ ቀደም ብዬ ብሰማ ኖሮ ከእህቴ ጋር ባልተጣላሁ ነበር። ‹‹ወንድምዬ፣ ሲያመኝ ምን ላድርግ? አንተ በእኔ ጆሮ አትሰማ!›› ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። በእርግጥም ያማታል፤ ቅብጠት አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ሙከራ ነገሩን ግልጥ አድርጎታል። ጤናማ ጆሮ ካላቸው ፈቃደኞች የተወሰኑት ለሁለት ሳምንት የጆሮ መድፈኛ አደረጉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ለስለስ ያለ የማያቋርጥ ሽሽታ የሚያሰማ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ አስረው ሰነበቱ። ጆሯቸውን የደፈኑት ከበፊቱ ይልቅ ድምፅ የማይችሉ ሆኑ፤ ሽሽታውን የሰሙት ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ቻሉ። ማጉያውን አስታውሱ፦ ጥጡ ድምፅ ሲቀንስበት አንጎል ‹አልሰማሁም› ብሎ ይበልጥ ይከፍተዋል። ጥጡ ሲወጣ ዓለም ሁሉ ይጮኻል። ከጨለማ ክፍል ወደ ቀትር ፀሐይ እንደመውጣት ነው።

ስለዚህ መድፈኛ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ቤት አይደለም። አንድ ክንድ ርቆ ለቆመ ሰው ለመናገር መጮህ ካስፈለጋችሁ ያ ስፍራ ጆሮን ለመጉዳት ይበቃል፤ እዚያ ድፈኑ። ማዕድ ቤት፣ ገበያ፣ ታክሲ ውስጥ ግን አውጡት፤ ካቃተም ቀስ በቀስ፣ ዛሬ አሥር ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሩብ ሰዓት እያላችሁ።

እህቴ የተሻላት በዚህ መንገድ ነው፤ መድኃኒቷም ሲያሠቃያት የኖረው ዝናብ ሆነ። አንድ ባለሙያ በስልኳ የዝናብ ድምፅ እንድትጭን፣ በጣም ዝቅ አድርጋ፣ ሊሰማ አልሰማ በሚል መጠን፣ የምትወደውን ሥራ እየሠራች እንድታዳምጥ ነገራት። ጥልፍ ትጠልፋለች፤ እሱን እየሠራች አዳመጠች። በየሳምንቱ በትንሹ ከፍ ታደርገዋለች፣ ማመም ሲጀምር ትመልሰዋለች። ዋናው ነገር መክፈቻው በእጇ መሆኑ ነው። ድንገት የሚመጣ ድምፅና ራስህ የምትከፍተው ድምፅ፣ ጉልበታቸው እኩል ቢሆንም፣ አንጎል ዘንድ እኩል አይደሉም። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ዛሬም የሠርግ ድምፅ ማጉያ አትችልም፤ ገበያ ግን ትሄዳለች።

ድምፅ አለመቻል በጭንቅላት ምት ብቻ አይመጣም። ማይግሬን ያለበት ሰው ሲነሣበት ድምፅ ይመረዋል። የፊት ነርቭ ደክሞ ፊት የሚጣመምበት ሕመም፣ ሰዉ ‹ምች መታው› የሚለው፣ በዚያው ወገን ያለውን ጆሮ ድምፅ አላስችል ሊለው ይችላል፤ ምክንያቱም ያ ነርቭ መካከለኛው ጆሮ ውስጥ ትልቅ ድምፅ ሲመጣ የሚኮማተረውን ትንሽ ጡንቻ ስለሚያዝ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ የሚጮኸውን ልጅ ባለጌ ነው ብሎ መቅጣት ሕመም ላይ ሕመም መጨመር ነው። ሰው ሲያላምጥ ወይም አፍንጫውን ሲምግ በሰማ ቁጥር ደሙ የሚፈላበት ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ ሚሶፎኒያ ይባላል፤ የሚያናድደው የድምፁ መጠን ሳይሆን ያ ድምፅ ራሱ ነውና።

ጆሮ በምን ይጎዳል?

አባቴ አናጢ ነው። ጅማ በእንጨት ሥራዋ ትታወቃለች፤ በርጩማዋን የማያውቅ የለም። ድሮ በመጥረቢያና በእጅ መላጊያ ይሠራ የነበረው ዛሬ በማሽን ነው፤ እኔም በልጅነቴ ከትምህርት ቤት መልስ መሰንጠቂያው አጠገብ ነበር የምውለው። ጆሮዬ ከተመረመረ በኋላ ‹‹አባዬ፣ የእርስዎስ ጆሮ ይጮኻል?›› ብዬ ጠየቅሁት። ‹‹የማን አናጢ ጆሮ ዝም ይላል ብለህ ነው? እኔማ የሙያው ደመወዝ ይመስለኝ ነበር›› አለኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የነገረን ግን አልነበረም። 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ አጠገብ ስምንት ሰዓት መዋል ይቻላል። ከዚያ በላይ በየሦስት ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት ሰዓት፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት። የእንጨት ማሽን በቀላሉ የሚደርስበት 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። አባቴ የቀኑን ድርሻ ከቁርስ በፊት ይጨርስ ነበር ማለት ነው። የቡና መፈልፈያ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ወፍጮ ቤት የሚውል፣ ሙዚቃ እስከ ጣራ ከፍቶ ባጃጅ የሚነዳ፣ የስልኩን ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ የሚተኛ ወጣት ሁሉ በዚሁ ሒሳብ ውስጥ አለ። ከሠርግ ወይም ከጭፈራ ቤት ስትወጡ ጆሯችሁ ጭው ብሎ በማግስቱ ከለቀቀ፣ ምንም አልሆነም ብላችሁ አትለፉት፤ ሕዋሳቱ ተጎድተው ያሰሙት አቤቱታ ነው። የመድኃኒት ቤት መድፈኛ ከጥጥ በብዙ ይሻላል፤ ጥጥ የሚከለክለው በጣም ጥቂት ነው።

ከድምፅ ቀጥሎ መድኃኒት ይመጣል። በአማርኛ ማንኛውንም እንክብል ‹ኪኒን› የምንለው ከድሮው የወባ መድኃኒት ከኩዊኒን ስም ወርሰን ነው፤ ያ መድኃኒት ጆሮ ጭው በማድረግ የታወቀ ነበር። ከጅማ ወደ ግቤ ዝቅ ባለው አገር ስንት ሰው በወባና በኩዊኒን መካከል ጆሮው እየጮኸ ከርሟል። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ጩኸቱም ይለቅቃል፤ ብዙ አስፒሪን የወሰደ ሰው ላይ የሚታየውም እንዲሁ ነው። እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉት መርፌዎች ግን ፀጉራማዎቹን ሕዋሳት ጨርሰው ሊገድሉ ይችላሉ። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ድሮ በካናማይሲን መርፌ ይታከም ነበር፤ ብዙ ታማሚ ከሳንባው ድኖ ከጆሮው ተለያይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ያን መርፌ ትቶ በሚዋጥ መድኃኒት እንዲተካ መክሯል። ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ የሚያቆም ሰው እንዳይኖር። መርፌ ላይ እያሉ ጆሮ ከጮኸ ወይም መስማት ከደከመ በዚያው ቀን ለሐኪም መናገር እንጂ መጥፋት አይደለም።

አንዳንዱ ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው፤ በቀላሉም ይፈታል። ኩክ ጠጥሮ ጆሮን ሲደፍን ይጮኻል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማሳጠብ ነው። በክብሪት እንጨት፣ በቁልፍ፣ በፀጉር መርፌ መቆርቆር ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ታምቡርም ይበሳል። የጤና አዳም ጭማቂ፣ የነጭ ሽንኩርት ውኃ፣ የሞቀ ዘይት ማንጠብጠብም እንዲሁ፤ ታምቡሩ የተበሳ እንደሆነ ያ ሁሉ መካከለኛው ጆሮ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ቡና። ጅማ ላይ ለታማሚ ‹ቡና ተው› ማለት ከኑሮ ውጣ ማለት ነው፤ እኔም ተብዬ ነበር። ሦስት ወር ተውሁ፤ ያተረፍሁት ራስ ምታትና ከጎረቤት መራቅ ነው። ቆይቼ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 65,085 አሜሪካውያን ሴቶችን ለ18 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ካፌይን አብዝተው የሚወስዱት የጆሮ ጩኸት በመጠኑ ያነሰ እንደገጠማቸው ጽፏል። ቡና ጆሮ ያድናል ማለት አይደለም፤ ተከሳሿን ለማሰር ማስረጃ የለም ማለት ነው። እንቅልፍ የሚነሣችሁ ከሆነ የማታውን ቡና ተዉ፣ የጠዋቱን ጠጡ። ጫትን በተመለከተ ግን እንዲህ ቸር አልሆንም። ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚያነቃ ነገር ነው፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጩኸቱን መሸከም ያቅተዋል። ሌላም አለ። ጥርሳችሁን ነከስ አድርጋችሁ ጩኸቱን አዳምጡት፤ ብዙ ሰው ላይ ይለወጣል። የመንጋጋና የአንገት ነርቮች ከመስማት መንገድ ጋር አንጎል ግንድ ላይ ይገናኛሉና፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያላምጥ የዋለ መንጋጋ የራሱን ድርሻ ሊጨምር ይችላል።

ሳይዘገይ ሐኪም የሚያስፈልገው

አንድ ጆሮ ድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ፣ መስማት ካቆመ ነገ አትበሉ። መድኃኒት አለው፤ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር ‹ዱም፣ ዱም› የሚል ከሆነ ከደም ሥር፣ ከደም ማነስ፣ ከደም ግፊት ወይም ከእንቅርት ዕጢ መብዛት ጋር ሊያያዝ ስለሚችል መመርመር አለበት። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚጮኽ፣ ምድር ዙሪያውን ከሚያዞር ማጥወልወል ጋር የሚመጣ፣ መግል የሚያወጣ፣ ፊት ከመጣመም ጋር የተነሣ ሁሉ እንዲሁ። ጤና ጣቢያ ጆሮውን አይቶ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይልካል፤ በደቡብ ምዕራብ ላለነው ትልቁ መድረሻ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ስትሄዱ በቅርብ ጊዜ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ።

እኔን መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሁለት ደቂቃ አይቶኝ ‹መድኃኒት የለውም፣ ቻለው› ብሎ ሸኘኝ። ግማሹ እውነት ነው። ጩኸቱን የሚያጠፋ እንክብል የለም። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ጂንኮ የተባለው ዕፅ፣ ለእንቅልፍ የሚወሰደው ሜላቶኒን፣ ዚንክም ለዚህ እንዳይታዘዙ መክሯል፤ በየማኅበራዊ ገጹ ‹በሰባት ቀን የሚያጠፋ› ተብሎ ለሚሸጠው ጠብታ ብር አታውጡ። ግን ‹ቻለው› ማለት እንዴት እንደሚቻል ካልነገሩት ስድብ ነው።

እንዴት ይቻላል? መስማት የደከመበት ሰው የመስሚያ መሣሪያ ሲያደርግ ለአንጎል የጎደለው ድምፅ ይመለስለታል፣ ብዙ ጊዜ ጩኸቱም ይረግባል። ማስረጃው ከሁሉ የጠነከረው ደግሞ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው፤ ጩኸቱን አይቀንስም፣ የአደጋውን ማኅተም ግን ይፍቃል። ተስፋ ቆርጦ ‹መኖር ምን ያደርጋል› የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ደግሞ ለቅርብ ሰው ተናግሮ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መሄድ አለበት፤ ጆሮው ስለጮኸ ብቻ እዚያ የሚያደርስ ጭንቀት የሚይዘው አለና የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የቀረው የቤት ሥራ ነው። ጸጥታዬን ፍለጋ ቦዬ ረግረግ ዳር እየሄድሁ እቀመጥ ነበር፤ እዚያ ቀለል ይለኝ ነበርና ጸጥታው የፈወሰኝ መሰለኝ። ቆይቼ ልብ ስል ቦዬ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ወፉ፣ እንቁራሪቱ፣ ሣሩ ሁሉ ያወራል። ዛሬ ያንኑ ቤቴ አመጣሁት። አሮጌ ራዲዮ ሁለት ጣቢያዎች መካከል አቁሜ ሽሽታውን ዝቅ አድርጌ ከአልጋዬ ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። መጠኑ ላይ ብልሃት አለ፦ ጩኸቱን ጨርሶ እንዲሸፍነው አታድርጉ። ከሥሩ ትንሽ እንዲሰማ ተዉት፤ አንጎል የሚለምደው የሚሰማውን ነገር ነው፣ የተደበቀውን አይለምድም። የእኔ ክፉ ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ናቸው፣ ሰማዩ ጠርቶ ጣራው ዝም ሲል። ያን ጊዜ ራዲዮው ሌሊቱን ያድራል። ካልተኛሁ አልጋ ላይ አልታገልም፤ ተነሥቼ ትንሽ አነባለሁ፣ ጠዋት ግን በተለመደው ሰዓት እነሣለሁ።

ጆሮዬን ‹ዛሬ እንዴት ነው› ብሎ የሚጠይቀኝ ጓደኛዬን አትጠይቀኝ አልሁት። ደግነቱ ገብቶኛል፤ በጠየቀኝ ቁጥር ግን ዘበኛውን ይቀሰቅስብኛል።

እህቴን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ሲወቀጥ የሙቀጫው ድምፅ ከቤት ያስወጣት ነበር፤ ዘነዘናው ባረፈ ቁጥር ትንቀጠቀጥ ነበርና እናታችን ጓሮ ወስዳ ትወቅጥ ጀመር። ባለፈው ቅዳሜ እናታችን የቆላችውን ይዛ ወደ ጓሮ ስትነሣ እህቴ ‹‹እማዬ፣ ስጪኝ እኔ ልውቀጠው›› አለች። ሌላ ሰው ሲወቅጥ ዛሬም ትወጣለች። ራሷ ስትወቅጥ ግን ምቱ መቼ እንደሚያርፍ ታውቀዋለች። አንዱን ሲኒ ቡና ለመውቀጥ ሩብ ሰዓት ፈጀባት፣ እኛም ጠብቀን ጠጣን።